የዓይን ሥር እብጠትና ጥቁረት፦ መጀመሪያ መስታወት፣ ከዚያ ክሬም

ጠግባችሁ ተኝታችሁ ተነስታችሁ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ስትባሉ ያናድዳል። ብዙዎቻችን ከዚያ በቀጥታ ክሬም ልንገዛ እንሄዳለን። ግን እብጠት ሌላ፣ ጥቁረት ሌላ ነው። ጥቁረቱም ቢሆን ዓይነቱ ብዙ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ መስታወት ያዙ።

ጠዋት አብጦ ከሰዓት የሚጎድል

ይህ ውሃ ነው። ስንተኛ ፈሳሽ ወደ ፊት ይመጣል፤ የዓይን ሥር ቆዳ ደግሞ በጣም ስስ ስለሆነ ቶሎ ያሳብቃል። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ይብሳል። ትራሳችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ የእራቱን ጨው ቀንሱ። ጠዋት ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ 10 ደቂቃ ያህል ዓይናችሁ ላይ አሳርፉት። በረዶ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ቆዳው ላይ በቀጥታ አይቀመጥም።

ቀኑን ሙሉ የማይጎድል ከረጢት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከዕድሜ ጋር ወደ ፊት የወጣ ስብ ነው። እሱን ክሬም አያጠፋውም።

የሚያሳክክ ከሆነ

አለርጂን ጠርጥሩ። አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ አዲስ ኩል ወይም ሜካፕ ሊሆን ይችላል። ማሸት ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ ከማሸት ይልቅ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጉበት። የጠረጠራችሁትን ነገር ለሁለት ሳምንት አቁማችሁ እዩ። ካልተሻላችሁ ስለ አለርጂ መድኃኒት ፋርማሲስት አማክሩ። አንዳንድ ባህላዊ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ለሕፃናት ፈጽሞ አትኳሉ።

የጠቆረ ከሆነ

ጉንጫችሁን ይዛችሁ ቆዳውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ሳቡት። ቡናማው ቀለም ከቆዳው ጋር አብሮ ከሄደ የቆዳ ቀለም ነው። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚመስል ከሆነ ከስስ ቆዳ ሥር የሚታይ የደም ሥር ነው፤ እንቅልፍ ሲጎድል ፊት ስለሚገረጣ ጎልቶ ይወጣል። ወደ መስኮቱ ዞራችሁ አገጫችሁን ቀና ስታደርጉ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የጉድጓዱ ጥላ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ጥላ በክሬም ላጠፋ ስታገል ዓመታት አልፈዋል።

እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ የመጀመሪያው፣ ማለትም ቡናማው፣ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም በዘር ይመጣል። እናታችሁን ወይም አክስቶቻችሁን ተመልከቱ። መፍትሄው ማሸት ማቆምና ከፀሐይ መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ መነጽርም ጨምሩ። ለውጡን የምታዩት በወራት እንጂ በቀናት አይደለም።

እባካችሁ ሎሚ አትቀቡ። ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ጭራሽ ያጠቁራል። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ጓደኛ «ሞክሪው» ብላ የምትሰጠውን ማቅያ ክሬም ነው። ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለባቸው። መጀመሪያ ያምራል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊት ሊጨምርና እይታን ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪም ጋ የሚያስኬድ

ከጥቁረቱ ጋር ድካም፣ ትንፋሽ ማጠርና የወር አበባ መብዛት ካለ ደም ማነስ ሊሆን ይችላልና ተመርመሩ። አንድ ዓይን ብቻ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ካመመና ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ሂዱ። የፊት እብጠት ከእግር እብጠት ወይም አረፋ ከሚበዛበት ሽንት ጋር ከመጣ ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ይህ በተለይ ልጆች ላይ እንደ አለርጂ ተቆጥሮ ይታለፋል። የልጃችሁ ዓይን በየጠዋቱ አብጦ የሚነሳ ከሆነ የሽንት ምርመራ አሠሩለት። ቀላል ምርመራ ነው፤ ሽንቱን በዕቃ መስጠት ብቻ ነው።