ከሰበታ ተነስቶ በፕሌን ባህር ዳር ለመሄድ ስንት ሰዓት ይያዝ?

ሰው ሁሉ ከአዲስ አበባ ባህር ዳር በፕሌን አንድ ሰዓት ነው ይላል፣ ልክ ነው፣ ግን እሱ ከቦሌ እስከ ባህር ዳር ኤርፖርት እንጂ ከሰበታ ቤታችሁ እስከ ጣና ዳር አይደለም። በአየር ቀጥታ 330 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በመኪና ግን አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ በደብረ ማርቆስ ሲኬድ ከ500 ያልፋል፣ ስለዚህ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ይዛችሁ የበረራ ሰዓት አታስሉ።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ቲኬቱ ላይ 07:00 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው፣ 13:00 ካለ ደግሞ ቀን 7 ሰዓት፣ 6 ቀንሱ በቃ። እናቴ 07:00ን ቀን 7 ሰዓት መስሏት ቆሎዋን ቋጥራ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ተረጋግታ ቁጭ ብላ ፕሌኑ ሄዶባታል፣ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ እባካችሁ ለቤተሰብ ቲኬት ስትቆርጡ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉላቸው።

ከዛ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለጠዋት 1 ሰዓት በረራ ሌሊት 11 ላይ ቦሌ መድረስ አለባችሁ፣ በሩ ላይ ጫማና ቀበቶ አውልቆ ፍተሻ አለ፣ ሰልፉም አለ። ከሰበታ በለሊት አንድ ሰዓት ያዙ፣ ቀን ከሆነ ግን አለም ገናና አየር ጤና ላይ ስለሚዘጋጋ ሁለት ሰዓት ይሻላል። 10 ሰዓት ሌሊት ታክሲ ፍለጋ አትውጡ፣ የምታውቁትን ሹፌር ማታውኑ ያዙና ከመተኛታችሁ በፊት ደግማችሁ ደውሉለት።