ሰው ለማገልገል ስንመረጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የሰፈራችንን እድር ለስድስት ዓመት በሰብሳቢነት መርቻለሁ። እምቦጭ ሊነቅሉ ወደ ጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሄዱ ወጣቶችንም አስተባብሬያለሁ። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ፤ አዲስ የሚመረጡ ሰዎች እንዳይደግሟቸው እፈልጋለሁ።

አንደኛው፦ ሁሉን ራስ መሥራትን እንደ ትሕትና መቁጠር

ድንኳን የምተክለው እኔ፣ ወንበር የምሸከመው እኔ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍና የአባላቱ መዝገብም እኔ ጋ ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ ልክ ነኝ ብዬ አመንሁ። አንድ ክረምት ታምሜ ለሕክምና ከከተማ ወጣ እንዳልሁ ጎረቤት ሞተ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሐዘንተኞቹ ድንኳን እስኪገኝ ድረስ ዝናብ መታቸው። ስመለስ ጸሐፊያችን፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ መሥራት አቅቶን አይደለም፤ እርስዎ ቦታ አልሰጡንም» አለኝ። ያን ቀን ብዙ አሰብሁ።

አገልጋይ መሪነት የሚለውን ሐሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ መለኪያ ያደረገው የመሪውን ድካም አልነበረም። የሚገለገሉት ሰዎች አደጉ ወይ? እነሱስ በተራቸው ሌላውን ወደ ማገልገል ያዘነብላሉ ወይ? ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ሚዛን እኔ ወድቄ ነበር። አሁን ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ነው።

ሁለተኛው፦ ለዕይታ ጎንበስ ማለት

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ በወይንና በወይራ ቅጠል። ልጅ ሆኜ ሳየው ልቤን ይነካው ነበር፣ ዛሬም ይነካዋል። መሪ ግን ጎንበስ የሚለው ካሜራ እስኪጠፋ ብቻ ከሆነ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

እምቦጭ ይህን በደንብ ያሳያል። ቦት ጫማ አድርጎ አንድ እቅፍ ነቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ አይተናል። አረሙ ግን ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ በአንድ ቀን ዘመቻ አይጸዳም። የሚያስፈልገው በሚቀጥለው ወርም፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣ ሰው ነው።

ሳይጠይቁ ማዘዝም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እኛ ከከተማ እንደ ደረስን፣ የነቀልነውን ውኃው ዳር እንድንከምር አዘዝሁ። አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን አቁሞ ሲያየን ቆየና፣ «እዚያ ከተዋችሁት ማዕበሉ መልሶ ይወስደዋል፤ ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት» አለን። ቁራጩ ውኃ ካገኘ ዳግም ይበቅላልና ልክ ነበረ። መጀመሪያ እሱን ጠይቄ ቢሆን ግማሽ ቀን ልፋት ይተርፍ ነበር።

ሦስተኛው፦ «ታማኝ ነኝ» ብሎ ሂሳብ አለማሳየት

ታማኝ ሰው ደረሰኙን በየወሩ አባላቱ ፊት ያነባል፤ ከባንክ ሲያወጣም ሁለት ፊርማ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አራተኛው፦ ይሉኝታን ደግነት ማለት

ይህ በጣም የሚያሳፍረኝ ነው። ለቅሶ የቀረ አባል ይቀጣል። አንዲት በጉልት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ሲቀሩ ቀጣኋቸው። አንድ ባለ ሀብት ደጋግሞ ሲቀር ግን፣ ለድንኳኑ ብዙ ያዋጣ ሰው ነው ብዬ በዝምታ አለፍሁት። ለራሴ «ሰላም ለማስጠበቅ ነው» እለው ነበር። ፈርቼው ነበር እንጂ ሰላም አልነበረም።

በኋላ ጉልታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ገንዘባቸውንም ከኪሴ ልመልስ ዘረጋሁ። እሳቸው እጄን መለስ አድርገው፣ «ብሩ ይቅር ልጄ፤ እኔስ ቀርቼ ነው የተቀጣሁ። ይልቅ እሱንም ቅጡት» አሉኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስሙን ጠርቼ የቀረባቸውን ቀናት አነበብሁ። ተነሥቶ ከፈለ።