ሊድ (እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ሜታል) በማግኔት ከውሃ ማውጣት፦ ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት ይሰራል

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ ማግኔት ሊድን አይስብም፣ ካድሚየምንም ሜርኩሪንም አይስብም። የሚስበው ማግኔታይት የሚባለውን ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ሄቪ ሜታሉ እሱ ላይ ተለጥፎ አብሮት ይወጣል። ስለዚህ ጣጣው ያለው መለጠፉ ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲድ ነው) ነው።

ዱቄቱን ለመስራት 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አፍልታችሁ ከድናችሁ አቀዝቅዙ (ኦክስጅኑ እንዲወጣ ነው፣ ናይትሮጅን ካላችሁ ማስነፋቱ ይሻላል)፣ ከዛ 5.4 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬትና 2.8 ግራም ፌረስ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት አሟሙበት (ፌረስ ነው ያልኩት፣ ፈረስ አይደለም 😄)። ቁጥሩ እንዲህ የሆነው ባለ 3 ቻርጁ ብረት በሞል የባለ 2ቱ እጥፍ መሆን ስላለበት ነው። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ እያሞቃችሁ፣ እያማሰላችሁ፣ አሞኒያ በጠብታ በጠብታ ፒኤቹ 10 እስኪደርስ ጨምሩ፣ ጭስ መሳቢያ ስር ሆናችሁ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ። ጥቁር ከሆነ ተሳክቷል፣ ቡናማ ከሆነ ወይ አየር ገብቷል ወይ ሬሾው ተበላሽቷል።

በማግኔት ስተረር ግን እንዳታማስሉ! እኔ የመጀመሪያ ቀን ሞክሬ የሰራሁት ሁሉ ውስጥ የሚዞረው የማግኔት ባር ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ስፋቀው ዋልኩ። የመስታወት ዘንግ ወይ በሞተር የሚዞር ማማሰያ ተጠቀሙ።

ከዛ ቢከሩን ጠንካራ ማግኔት ላይ አስቀምጡት፣ ጥቁሩ ሲዘቅጥ ላዩን ድፉ፣ ፒኤቹ ወደ 7 እስኪጠጋ ደጋግማችሁ እጠቡ። ቢበዛ 2.3 ግራም አካባቢ ይወጣል። ሁሉንም አታድርቁት፣ ሲደርቅ ይጓጉልና የሚለጠፍበት ቦታ ይቀንሳል፣ ትንሽ ለክታችሁ ብቻ አድርቁና በሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንዳለው እወቁ።

አሁን ሙከራው። በሊትር 50 ሚሊግራም ሊድ ያለው 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 0.1 ግራም ዱቄት ጨምሩ፣ ፒኤቹን 5 ላይ ያዙ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ነቅንቁ። ፒኤቹ በጣም ከወረደ የዱቄቱ ገጽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዝና እሱም ፖዘቲቭ የሆነውን ሊድ ይገፋዋል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ሊዱ ራሱ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጥና ፐርሰንቱ ያምራል፣ ዱቄቱ ግን ምንም አልሰራም ማለት ነው። ለዚህ ነው ዱቄት የሌለው ባዶ ናሙና ጎን ለጎን የግድ የሚያስፈልገው። አርሴኔትና ክሮሜት (የአርሴኒክና የክሮሚየም ውህዶች) ኔጌቲቭ ስለሆኑ ነገሩ ይገለበጣል፣ እነሱ ዝቅ ያለ ፒኤች ይወዳሉ።

ስትጨርሱ ዱቄቱን በማግኔት አውጡ፣ የቀረውን በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አጣሩ፣ ከዛ *በኋላ* ነው ናይትሪክ አሲድ ጨምራችሁ ፒኤቹን ከ2 በታች የምታወርዱት (የቀረው ሊድ እስኪለካ ሟሙቶ እንዲቆይ)። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሲዱ የተለጠፈውን ሊድ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል።

በሉ ስትለኩት በሊትር 5 ሚሊግራም ቀረ። በአንድ ግራም ዱቄት 45 ሚሊግራም ያዘ ማለት ነው፣ 90 ፐርሰንት፣ ደስ ይላል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፣ ገና 500 እጥፍ ይበልጣል! ስለዚህ ዝቅተኛ መጠንም ሞክሩ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት ውሃም ሞክሩ፣ ይህን ውሃ ደግሞ ማንም እንዳይጠጣ።

ዱቄቱን መልሶ ለመጠቀም በኢዲቲኤ (ሜታል ይዞ የሚያወጣ ኬሚካል) ወይ በቀጭን አሲድ ይታጠባል፣ አሲድ ግን ብረቱንም ይበላዋል፣ ሲሊካ የለበሰ ከሆነ ይሻላል። እጣቢውን ሲንክ ላይ እንዳትደፉት፣ ያወጣችሁት ሊድ በሙሉ አሁን ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ክዳን ባለው እቃ አድርጋችሁ ጻፉበትና ከመርዛማ ቆሻሻ ጋር አስወግዱት።