ድረ ገጽ ስንሠራ በአካል ጉዳተኞች ላይ በር የሚዘጉ ስህተቶች

እስቲ ማውሱን ወደ ጎን ያድርጉና የሠሩትን ድረ ገጽ በኪቦርድ ብቻ ይሞክሩት። ታብን እየተጫኑ ይሂዱ። አሁን የትኛው ሊንክ ላይ እንዳሉ ይታይዎታል? ብዙ ጊዜ አይታይም። ዲዛይነሩ የተመረጠውን ነገር የሚከበውን መስመር «አያምርም» ብሎ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) አጥፍቶታል። ማውስ መያዝ ለሚቸግረው ሰው ግን የት እንደደረሰ የሚያሳየው ያ መስመር ነው። ካላማረዎት ቀለሙን ይቀይሩት እንጂ አያጥፉት።

በዲቭ (የራሱ ትርጉም በሌለው ተራ ሳጥን) የተሠራ በተንም እዚሁ ይጋለጣል። ሲያዩት በተን ነው፣ በማውስ ሲነኩትም ይሠራል። ታብ ግን ዘሎት ያልፋል። ስክሪን ሪደርም (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር) በተን መሆኑን አይናገርም። የድረ ገጽ መሥሪያው ቋንቋ ኤችቲኤምኤል የራሱ የበተን ታግ እያለው ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው?

ወደ ምስል እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። ሊንክ የሆነ ምስል ገለጻ ከሌለው ስክሪን ሪደሩ የፋይሉን ስም ሊያነብ ይችላል፦ «አይኤምጂ 4827»። ዓይነ ስውሩ ከዚህ ምን ይረዳ? ገለጻው «የቅርጫት ሥዕል» ቢልም አይበቃም፤ «ወደ ግዢ ቅርጫት» ይበል። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሲጫነው የት እንደሚወስደው ነው። ለጌጥ ብቻ የገባ ምስል ከሆነ ደግሞ ገለጻው የሚጻፍበትን የአልት ቦታ ባዶ ይተዉት። ባዶ መተውና ጨርሶ አለመጻፍ ግን አንድ አይደሉም፤ ባዶ ሲሆን ስክሪን ሪደሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ፈዛዛ ጽሑፍም አለ። ደብሊውሲኤጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ኮንትራስት (በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለ የብርሃን ልዩነት) ይጠይቃል፣ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ 1። ብዙዎች የሚወዱት፣ የቀለም ኮዱ #777 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 4.48 ነው። ለጥቂት ይወድቃል።

ፎርም ላይ፣ የሚሞላው ነገር ስም ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ተጽፎ መጻፍ ሲጀምሩ አይጥፋ። «በቀይ የተከበቡትን ያስተካክሉ» ማለትም ቀለም ለማይለይ ሰው ምንም አይነግረውም። ስህተቱን በቃል ይጻፉለት። ቪዲዮ ካለ የሚነገረውን የሚያሳይ ጽሑፍ ይኑረው፤ ሶፍትዌር በራሱ የጻፈውን ግን ሳያርሙ አይልቀቁት።

መፈተሻ ሶፍትዌር አልት መኖሩን ያያል፣ ትክክል መሆኑን ግን አያውቅም። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። ይጫኑት፣ ስክሪኑን ያጥፉና የራስዎን ፎርም ሞልተው ለመላክ ይሞክሩ። ከዚያ ስክሪን ሪደር በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ይጋብዙ፣ ለጊዜውም ይክፈሉት፤ የት ላይ እንደሚቆም አጠገቡ ሆነው ይዩ።