የአንድ ግራቪቶን ኢነርጂ በወረቀትና በስልክ ካልኩሌተር

ማታ ማታ የሰፈር ልጆች ፊዚክስ አስጠናለሁ። ባለፈው አንዷ፣ «ጋሼ፣ የአንዲት ግራቪቶን ኢነርጂ ስንት ነው?» አለችኝ። (ኢነርጂ የምለው ወድጄ አይደለም፤ «ኃይል» ካልኩ ፎርሱም ፓወሩም አብሮ ይገባና ፈተና ላይ ይምታታባቸዋል።)

ግራቪቶን ብርሃን ፎቶን እንዳለው ሁሉ ስበትም ይኖረዋል ተብሎ የሚታሰብ፣ እስካሁን ግን ማንም ያላገኘው ቅንጣት ነው። ካለና መጠነ ቁስ ከሌለው ስሌቱ የፎቶን ስሌት ነው፦ የሞገዱን ድግግሞሽ (በሰከንድ ስንቴ እንደሚወዛወዝ፤ መለኪያው ኸርዝ ነው) በፕላንክ ቁጥር፣ በ6.626 × 10⁻³⁴ ማባዛት።

ድግግሞሹን እኔ የምወስደው መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. አሜሪካ ያሉት የላይጎ መሣሪያዎች ከያዙት የስበት ሞገድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ገና አላለቀም። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ የተነሳው ሞገድ ከ35 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 250 ወጣ፤ በጣም በበረታበት ቅጽበት 150 ገደማ ነበር። 150 ያዙ።

አሁን ዜሮ መደርደር የለም። ልጅቷ 33 ዜሮ ስትጽፍ አንዱን ዘላ መልሷ አሥር እጥፍ ሆነባት። ፊት ያሉትን ቁጥሮች በስልክ፣ አርቢዎቹን በወረቀት ሥሩ፦ 6.626 × 150 = 993.9፤ ስለዚህ 993.9 × 10⁻³⁴፣ ማለትም 9.9 × 10⁻³² ጁል፣ በደፈናው 10⁻³¹። የአንዲት አረንጓዴ ብርሃን ፎቶን ከዚህ 3 ትሪሊዮን እጥፍ ያልፋል።

ትንሽነቷ ግን አያታልላችሁ። በዚያ ውህደት 3 ፀሐይ የሚያህል መጠነ ቁስ ወደ ሞገድ ተለውጧል፤ 5.4 × 10⁴⁷ ጁል መሆኑ ነው። ለ10⁻³¹ ስታካፍሉት 5 × 10⁷⁸ ገደማ ግራቪቶን ይወጣል።

ምድርም ፀሐይን ስትዞር የስበት ሞገድ ታወጣለች፤ የእሱን ግራቪቶን ስትሠሩ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ አለ። ምድር በዓመት አንዴ ብትዞርም ሞገዱ የሚወዛወዘው ሁለቴ ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ አንዴ ብዬ ጽፌ ያቺው ልጅ አረመችኝ። 2ን ለ31.56 ሚሊዮን ሰከንድ አካፍላችሁ በፕላንክ ቁጥር አባዙት፤ 4.2 × 10⁻⁴¹ ጁል ይመጣል። ምድር ስትዞር በዚህ መንገድ የሚወጣው 200 ዋት ያህል ነው፣ የድሮዎቹ ባለ 100 አምፖሎች ሁለቱ። በሰከንድ ስንት ግራቪቶን እንደሚሆን ማካፈሉን ለእናንተ ትቼዋለሁ።