በአንጻራዊ ፍጥነት ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

የ«ሪላቲቭ ቬሎሲቲ» ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ቁጥሮቹን እንዳየ ወደ ስሌት ይሮጣል። መቅደም ያለበት ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ፍጥነት የተለካው ከምን አንጻር ነው? ከመሬት? ከውሃው? ከጀልባው? ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ከመዝለል ነው።

በቀላሉ እንጀምር። የባሕር ዳር መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 20 ይሄዳል እንበል። ፊት ለፊት ከመጡ አንጻራዊ ፍጥነታቸው 50 ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ 10 ብቻ። «መቼ ልደምር፣ መቼ ልቀንስ?» ብላችሁ አትጨነቁ። አንዱን አቅጣጫ ፖዘቲቭ፣ ተቃራኒውን ኔጌቲቭ አድርጉና ሁልጊዜ ቀንሱ። ምልክቱ የቀረውን ይጨርሰዋል።

ዋናው ጣጣ ያለው ወንዝ ማቋረጥ ላይ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ አንድ ሰው በታንኳ ሊሻገር ነው። ለምሳሌ ያህል ወርዱን 100 ሜትር፣ ታንኳውን ከውሃው አንጻር በሰከንድ 2 ሜትር፣ የውሃውን ፍሰት 1.5 ሜትር እናድርገው። ቀዛፊው የታንኳውን አፍንጫ ቀጥታ ወደ ማዶ አዙሯል። በፓይታጎረስ ታንኳው ከዳሩ አንጻር በሰከንድ 2.5 ሜትር ይሄዳል። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ብዙ ተማሪዎች 100ን ለ2.5 አካፍለው «40 ሰከንድ» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው! 2.5 የሰያፉ መንገድ ፍጥነት ነው፣ 100 ሜትር ደግሞ የቀጥታው ወርድ። ሁለቱ አይገናኙም። ወደ ማዶ የሚያደርሰው 2ቱ ብቻ ስለሆነ መልሱ 50 ሰከንድ ነው። እስከዚያ ውሃው 75 ሜትር ወደ ታች ይወስደዋል። ማረጋገጥ ለፈለገ፣ ሰያፉ 125 ሜትር ነው፤ ለ2.5 ሲካፈል ያው 50 ይመጣል።

«ልክ ትይዩው ላይ ይድረስ» ከተባለ ሥዕሉ ይለወጣል። አሁን ሰያፍ የሚሆነው ታንኳው ከውሃው አንጻር ያለው ፍጥነት ስለሆነ ረጅሙ ጎን፣ ሃይፖቴነሱ፣ 2 ነው። አፍንጫው 48.6 ዲግሪ ገደማ ወደ ጣና ይዞራል፣ ወደ ማዶ የሚቀረው ፍጥነት 1.32 ይሆናል፣ ጊዜውም ወደ 76 ሰከንድ ይረዝማል። የድሮውን ሦስት ማዕዘን ይዞ መቀጠል ነው ብዙውን የሚጥለው። ፍሰቱ ከ2 ከበለጠ ካልኩሌተሩ ኤረር ይላል። ትክክል ነው፤ በዚያ ፍሰት ትይዩው ላይ መድረስ አይቻልም።

አሃድ አትቀላቅሉ፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው።

የመጨረሻው፣ እኔ በጣም የምወደው፣ የባንዲራው ጥያቄ ነው። ጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ፣ በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል። ነፋሱም በዚያው ፍጥነት ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ጀልባው ላይ ያለው ባንዲራ ወዴት ይውለበለባል? ብዙዎች ደምረው «ሰሜን ምሥራቅ» ይላሉ። ባንዲራው ግን የሚያውቀው ከጀልባው አንጻር ያለውን ነፋስ ነው። ከነፋሱ ፍጥነት የጀልባውን ቀንሱ፦ ደቡብ ምሥራቅ። ከተጠራጠራችሁ ነፋሱን ዜሮ አድርጉት። ጀልባው ወደፊት ሲሄድ ባንዲራው ወደ ኋላ፣ ወደ ደቡብ ይዘረጋል። ስለዚህ ሰሜን ምሥራቅ ሊሆን አይችልም።