ሐሳብ የሚያበዛ ሰው እንቅልፉን እንዴት ይመልሳል?

ቀን ያመለጠችኝን አንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሳመነዥግ የማድር ሰው ነበርኩ። ቶሎ የሚጨነቁና ሁሉ ነገር እንከን እንዳይኖረው የሚሹ ሰዎች ለእንቅልፍ እጦት ይበልጥ እንደሚጋለጡ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አርተር ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል፦ ጠባይ ያጋልጣል፣ ሐዘን ወይም የሥራ ጭንቀት ይቀሰቅሳል፣ እንቅልፍ ለማግኘት ስንል የምናደርገው ደግሞ ችግሩን ያቆየዋል። ለማስተካከል የሚቀለው ሦስተኛው ነው።

እንቅልፍ እጦቱ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት እየመጣ ሦስት ወር ከሞላው ሥር ሰድዷል ማለት ነው። የሚያንኮራፉና በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ግን በቅድሚያ ሐኪም ይዩ።

ከቀትር በኋላ ቡና ይቅር። «በረካው ቀጭን ነው» እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ።

ጭንቀታችሁን ከእራት በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ ጻፉት፤ ከጎኑ ነገ የምታደርጉትን አንድ ነገር አስፍሩ። እኔ ደብተሩን አልጋ ላይ ይዤ ወጣሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ሠላሳ አንድ ደርሶ፣ ጽሕፈቱ አላምር ስላለኝ በንጹሕ ገጽ እየገለበጥኩ ነበር።

ከባዱ ከአልጋ መውረድ ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ነቅቶ የሚገላበጥ ሰው አልጋውን ከመንቃት ጋር ያላምደዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ተነሡ። «ያህል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ እኔ በስልኬ እየቆጠርኩ፣ ልክ ሃያ ሲሞላ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ እነሣ ነበር። ሰዓቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። እንቅልፍ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ካላችሁም አውልቁት፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ሌላ ጭንቀት ነው። ጋቢ ደርቡና በደብዛዛ መብራት አሰልቺ ነገር ሥሩ። ምስር መልቀም ደማቅ ብርሃን ስለሚፈልግ አይሆንም፤ እኔ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሽፋሽፍታችሁ ሲከብድ ብቻ ተመለሱ፤ ካልሆነ እንደገና ውረዱ። በመጀመሪያው ሌሊት አምስት ጊዜ ወርጃለሁ።

ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሡ፣ እሑድንም ጨምሮ። ቀን አትተኙ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ድካሙ እስኪለቃችሁ ረጅም መንገድ አትንዱ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን ያለ ሐኪም ምክር አይጀምር።